ከጎኔ ወንበር የሚሰማው

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ዛሬ ቴፕ ለማስተካከል የመጣልኝ ሁለት መኪና ብቻ። አንዱ ጎረምሳ ባሱን፣ ወፍራሙን ድምፅ፣ ጨምርልኝ ብሎ ነዘነዘኝ። "መስኮትህ ይረግፋል" ብለው፣ "ይርገፍ!" ጨመርኩለት...

ሁለተኛው ነጋዴ ነው። ከፊት የሚቀመጥ ሁሉ እኩል ይስማልኝ አለ። የዘወትር መልሴን ሰጠሁት። "ወዳጄ፣ የቅርቡ ስፒከር ድምፅ ይቀድማል። እሱን ትንሽ ካላዘገየሁት ዘፋኙ በሩ ላይ ተለጥፎ ነው የሚዘፍንልህ። ለሾፌሩ ካስተካከልኩ ከጎን ያለው ይከፋዋል። ለሁለት ካልክ ደግሞ ሁለታችሁም ትንሽ ትንሽ ታጣላችሁ።"

"ታዲያ ለኔ አድርገው!" ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።

የራሴ መኪና ቴፕ ያስተካከልኩትን የሚይዙ ሦስት ቁልፎች አሉት። አንድ ቁጥር ለኔ ብቻ ነው። ሁለት ቁጥር ለኔና ለባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና... ከሞተች ወዲህ አልነካሁትም። ወንበሯም እንደተወችው ወደ ፊት ተስቦ አለ። ልጄ እንኳ ከኋላ ነው የምትቀመጠው፣ እንደ ሚኒስትር። ሦስት ቁጥር ባዶ።

የካቲት 8፣ እሑድ

ከጸሎት ስንወጣ ዝናብ። ሁሌ እስከ መንገዱ ጥግ በእግር የምሸኛትን ልብስ ሰፊዋን በመኪና ላደርሳት ሆነ። እሷም እንደኔ ብቻዋን የቀረች ናት። ገና ስትገባ ጉልበቷ ተጋጨ። "ይሄ ወንበር የሕፃን ነው እንዴ?" በገዛ እጄ ወደ ኋላ ገፋሁት።

መዝሙር ከፈትኩ። "ዘማሪው ካንተ ጋር ነው የሚያወራው። እኔን ረስቶኛል" አለች። ሁለት ቁጥርን ተጫንኩ... ለምን? "አሁን ደግሞ ከጉልበቴ ሥር መጣ!" ባለቤቴ አጭር ነበረች፤ ልኩ ለዚህች አይሆንም። ሳቅን። በዚያ መኪና ውስጥ መች ነበር የሳቅኩት?

ስትወርድ፣ ባለፈው ወር ለጠየቅኳት የጋብቻ ጥያቄ መልሷን ሰጠችኝ። "ለልጅህ ንገራትና እሺ እላለሁ። መጠበቅ አያቅተኝም። መደበቅ ግን አልወድም።"

የካቲት 9፣ ሰኞ

ልጄ መኪናውን ለሥራ ወስዳው ነበር። ማታ ስትገባ አልተቀመጠችም።

"አባዬ፣ ቴፑ ሁለት ቁጥር ላይ ነው።"

እንጀራዬን ቆረስኩ።

"ወንበሩም ወደ ኋላ ሄዷል።"

"ለደንበኛ... አንድ ነገር እየሞከርኩ ነው።"

"በእማዬ ቁልፍ?"

ክፍሏ ገብታ ዘጋች። ዋሸሁ። በጸሎቴ ማግስት፣ በዚህ ሽበቴ። ለካ ውሸት ሲወጣ እንዲህ ይቀላል...

የካቲት 11፣ ረቡዕ

ቤቱ ውስጥ የሚያወራው ሳህን ብቻ ነው። ወንበሩን ወደ ፊት ሳብኩት። ቴፑንም ወደ አንድ መለስኩ። ፈራሁ። ማንን?

የካቲት 15፣ እሑድ

ልብስ ሰፊዋ በሩን ከፈተች። ወንበሩን አየችው። አልገባችም።

"አልነገርካትም።"

"አይ... ትንሽ ቀን..."

"እንግዲህ በእግሬ ልሂድ። እርስዎም ይግቡ፣ ዝናቡ ሊመጣ ነው።"

እርስዎ! አንተ ስትለኝ የነበረች ሴት... ዝናቡ መጥቶ እስኪያበሰብሰኝ እዚያው ቆምኩ። አምላኬ፣ ለሞተችው ልታመን ብዬ በሕይወት ያሉትን ሁለቱንም ላጣ ነው? ወይስ ታማኝነት የምለው ፍርሃቴን ይሆን?

የካቲት 16፣ ሰኞ

ነገርኳት። ዕቃ እያጠበች ነበር።

"የኔ ልጅ፣ ዋሽቼሻለሁ። ደንበኛ አይደለችም። ልብስ ሰፊዋ ናት። እንድታገባኝ ጠይቄያታለሁ።"

ውሃው ዝም ብሎ ይፈሳል።

"ከቴፕ ልስማው?" አለች። "አባት እያለኝ ከቴፕ?"

ሳህኑን ልቀበላት ስል ነጠቀችኝ።

"ደግሞ የእማዬን ለምን ትሰጣታለህ? ልኳ አይደለም እኮ!"

እያለቀሰች ወጣች። ቧንቧውን ዘጋሁ። ከዚያ ተንበረከክሁ፣ እዚያው ወጥ ቤት።

የካቲት 22፣ እሑድ

ልጄ ሳምንቱን ሙሉ ከ"ደህና ዋል" ሌላ ቃል አልወጣትም። ዛሬ ከጸሎት ስንወጣ ግን መኪናው አጠገብ ቆማለች። የሥራ ሜትሬ በእጇ። ለልጄ መንገሬን አሁን የነገርኳት ልብስ ሰፊዋ ከኋላዬ ነበረች፤ እግሯን ገታች።

"ይግቡ እስቲ" አለቻት ልጄ። ወንበሩን ራሷ ወደ ኋላ ገፋችው። ልብስ ሰፊዋ ስትቀመጥ ከስፒከሩ እስከ ጆሮዋ ሜትሩን ዘረጋች።

"ቀሚስ ልትሰፊልኝ ነው?"

"አይንቀሳቀሱ። ልኩ ይበላሻል።"

"ኧረ ይቺ ልጅ! ለሰው የምለውን ለኔው!"

ልጄ አልሳቀችም። ልትስቅ ግን ምንም አልቀራትም፤ አውቃታለሁ። ወደኔ ዞረች።

"ሁለትን እንዳትነካ። ሦስት ባዶ ነው አይደል?"

"ባዶ ነው።"

ልኩን እየነገረችኝ አስተካከልኩ። ለመስማት እሷ መሪው ጋ ገባች፣ ልብስ ሰፊዋ ከጎኗ። ለኔ የቀረኝ የኋላው ወንበር ነው። መኪናውን ከገዛሁ ጀምሮ እዚያ ተቀምጬ አላውቅም። መዝሙሩ ተከፈተ። ሁለቱም ያዳምጣሉ...

ልብስ ሰፊዋ ዘወር አለች። "አንተስ፣ ይሰማሃል?"

"ባሱ ብቻ" አልኩ። እውነቱን። "አትንኩት ግን።"