ድምፅ የሌላት ፊደልና የእኔ ጩኸት

ለተወደድሽው እኅቴ ለወይዘሮ አስካለ ማርያም፤

ባሕርና አየር ከለያየን ወዲህ አራተኛው ፋሲካ ያለፈብሽ እኅት ዓለሜ ሆይ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ጉልበትሽን የሚይዝሽ ቁርጥማት ለቀቀሽን? የሜልቦርን ብርድስ ከጮቄ ውርጭ ይብሳልን? ባለቤትሽ አቶ ስመኘውና ሕፃኗ ማሚቱ ደኅና ናቸውን? እኛ፣ ዐይኔ ከመድከሙና አሁን ከምነግርሽ ኀፍረት በቀር፣ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነን።

እኛ ዘንድ የተውሻት ልጅሽ ያምሮት በስልክ ሳትቀድመኝ ጥፋቴን በገዛ እጄ ልጽፍልሽ ወደድሁ። ያለፈው ቅዳሜ እዚሁ ፍኖተ ሰላም የእንግሊዝኛ ንባብ ውድድር ተደርጎ፣ እርሷም ከቡሬና ከጅጋ ከመጡት ልጆች ጋር ቀርባ፣ ያሸነፈ ባሕር ዳር ሄዶ እንዲያነብ ተወስኖ ነበርና፣ ካባዬን ደርቤ፣ መቋሚያዬን ይዤ፣ ከፊተኛው ወንበር ተሰየምሁ። ምንባቡን ዋዜማውን በማጉያ መነጽር ፊደል በፊደል ቈጥሬው ስለ ነበር፣ ቢላዋ ማለት የሆነው ቃል በግንባሩ ኬ የምትባል ፊደል እንዳለችው ዐውቄአለሁ። ልጅቱ ግን ከዚያ ስትደርስ «ናይፍ» ብላ አለፈች።

መቼም አንቺ ታውቂያለሽ፤ በእኛ ደብር ዲያቆን መልእክት ሲያነብ አንዲት ፊደል ቢገድፍ፣ መሪጌታው ከቆመበት ጮኾ ያርመዋል፣ አንባቢውም ተመልሶ ያቃናል፣ ማንም በማንም አይቀየምም። አርባ ዓመት የኖርሁበት ልማድ ከወንበሬ አስነሥቶኝ፣ ወለሉን በመቋሚያ መትቼ፣ «ፊደል ዋጥሽ! ተመለሺ! ክናይፍ በዪ!» ብዬ አዳራሹን አናወጥሁት። ታዛዥ ልጅ ናትና እንባዋን እየዋጠች «ክናይፍ» አለች፤ ከሳቁ ብዛት ጣራው ሊነሣ ምንም አልቀረው።

ዳኛዋ መምህርት ሰርካለም በትሕትና፣ «የኔታ፣ ይህች ፊደል ትጻፋለች እንጂ አትነበብም» ብትለኝ፣ «የማትነበብ ከሆነ ምን ልትሠራ ተጻፈች? ማኅሌት ሳትቆም ድግስ ላይ የምትገኝ ደብተራ ናትን?» ብዬ ተከራከርሁ። እርሷም ሳቋን በግድ ይዛ፣ ስሕተቱ የልጅቱ አለመሆኑን ሁሉ ያምን ዘንድ፣ እኔው ቆሜ ቃሉን አቃንቼ እንድናገር ፈረደችብኝ። በሊቃውንት ፊት ቅኔ ሲዘርፍ ያልፈራ ምላሴ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለት ጊዜ ኬዋ ከአፌ አመለጠችኝ፤ በሦስተኛው ከንፈሬን ነክሼ «ናይፍ» አልሁ። ያን ጊዜ ያምሮት ከመጀመሪያው እንድታነብ ተፈቀደላት፤ አነበበች፤ አሸነፈችም።

ደስታዬ ግን ጎደሎ ነው። የባሕር ዳሩ ውድድር በሰኔ ሲሆን፣ ልጅሽ «አጎቴ፣ እርስዎ ከመጡ እኔ አላነብም» ብላ ቃሏን አጽንታለች። ባለቤቴ ንግሥቴም ለእርሷ አድልታ፣ «አፍዎን በነጠላ ካላሰሩ የትም አይሄዱም» ትለኛለች። ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቅሁ ሽማግሌ፣ ከዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ጋር የሚያስታርቀኝ አጣሁ። ስለዚህ እናት ነሽና አማልጂኝ፤ ከኋለኛው ወንበር እቀመጣለሁ፤ መቋሚያዬንም ከቤት እተዋለሁ። ያቺ ፊደል በቃሉ ግንባር ቆማ ትንፍሽ ሳትል መኖር ከቻለች፣ እኔም ከልጄ ኋላ ተቀምጬ ዝም ማለት አያቅተኝም።

ለአቶ ስመኘው የአክብሮት ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ማሚቱን ግንባሯን ሳሚልኝ። ንግሥቴ እጅግ ናፍቃሻለች። የያምሮትን ሰላምታ ከራሷ ስሚ፤ በእኔ እጅ አልላከችም።

ወንድምሽ መሪጌታ ክንፈሚካኤል
ፍኖተ ሰላም፣ ግንቦት ፲፭ ቀን ፳፻፲፬ ዓ.ም.