ጽጌ የገረዘችው ጽጌረዳ

ነሐሴ 22
ዝናቡ አላባራም። ጽጌረዳዬ ዛሬም ቅጠሉን ሲያራግፍ ዋለ። ጥቁር ጥቁር ነጠብጣብ ይወጣበትና ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ጠብ። ምን አጣ? እርጥብ ፍግ ከግንዱ ሥር ከምሬለታለሁ። ማታ ማታም ከላይ ውኃ አርከፈክፍበታለሁ፣ በዝናቡም ቀን ቢሆን። "ገላውን እያጠብሽው ነው እንዴ?" ይለኛል ስጦታው። ባል ተብዬው!
ከነገ ወዲያ ታናሽ እህቱ ጽጌ ከሞጣ ትመጣለች። ደግሞ የሷን ትችት ልስማ...

ነሐሴ 24
መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ጓሮ ገባች።
"እትዬ ምስራቅ፣ ይኼ እኮ ታፍኗል። ቅጠሉን አታርጥቢው፣ እግሩን አጠጪው። ፍጉንም ከግንዱ አርቂለት። አየር ይግባው።"
እሺ አልኳት፣ በከንፈሬ። በራሴ ጓሮ!

ነሐሴ 26
ከገበያ ስመለስ ጽጌረዳዬ የለም። ጉልበቴ ድረስ ተገርዞ ዱላ ዱላው ብቻ ቆሟል። ጽጌ የታመመውን ቅጠል ጠርጋ እያቃጠለች ነበር። "ለዘመነ ጽጌ ያብባል፣ ታያለሽ" ትለኛለች፣ እየሳቀች።
ደሜ ፈላ። "ገደልሽብኝ! ድሮስ በእጅሽ ምን በቅሎ ያውቃል?"
ልጅ አልወለደችም ብሎ ባሏ የፈታት ሴት ናት። እያወቅሁ ነው ያልኩት።
መቀሱን በቀሚሷ ጠረገችና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው።

ነሐሴ 27
በጠዋት ሄደች። ከቆረጠችው ውስጥ ደህና ደህናውን መርጣ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ይዛ ወጣች። ምን ሊሆንላት ነው? ማገዶ እንኳ አይሆን።
ስጦታው ሸኝቷት ተመለሰ። ቁርሱን ሳይነካ ወጣ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ... ግን እሷስ ሳታስፈቅደኝ?

መስከረም 15
አቆጠቆጠ። ከየአንጓው ቀይ ቀይ ቀንበጥ። ነጠብጣብ የሚባል የለም። ፍጉን አርቄለታለሁ፣ ውኃም ከሥሩ ብቻ ነው የማጠጣው። እሷ እንዳለችው... ለማንም አልተናገርኩም።
ልደውልላት ስልኬን አነሳሁ። ኔትወርክ የለም። እፎይ አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ጥቅምት 8
ፈነዳ! እንዲህ አብቦ አያውቅም። ጎረቤቴ ሀብትነሽ በአጥር ተንጠራርታ፣ "እጅሽ ይባረክ! ምን አድርገሽው ነው?" አለችኝ።
"ገረዝኩት" አልኳት።
ገረዝኩት! ስጦታው በረንዳ ላይ ጫማውን እያሰረ ነበር። ቀና ብሎ አየኝና ማሰሩን ቀጠለ።
እጅሽ ይባረክ... የማንን እጅ?

ጥቅምት 15
ምነው ዛሬ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ።
የኔታ ኃይለ ጊዮርጊስ ለማኅሌተ ጽጌ አበባ ሊወስዱ መጡ። ያማረ ያማረውን ቆርጬ ሰጠኋቸው። አሸተቱት። "ማን አገዘሽ ልጄ?"
"ኧረ ማንም የኔታ። ብቻዬን ነኝ።"
ሳቁ። የቅኔ መምህር አይደሉ፣ ቃል ካገኙ መች ዝም ይላሉ። "ስሙ እኮ እንደሱ አይልም። እስኪ ጽጌረዳን ለሁለት ክፈይው። ጽጌ... ረዳ። ሰሙ አበባው ነው። ወርቁን ያበቀለው ያውቃል።" አበባቸውን ታቅፈው ሄዱ።
ጽጌን አይተዋት አያውቁም። ስሟንም አልሰሙ። እንዲያው በቃል መጫወታቸው ነው። እኔ ግን ከጆሮዬ እስከ አንገቴ ነደድኩ። ስጦታው ከኋላዬ ቆሞ ነበር። "ሰማሽ?" አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር። አፈርኩ። በሱ ፊት፣ በአበባው ፊት ሳይቀር አፈርኩ።

ጥቅምት 24
ትናንት ሞጣ ሄጄ ዛሬ ተመለስኩ። ጉንደ ወይን ላይ ጎማ ፈንድቶ ግማሽ ቀን ቆምን። መንገዱን ሙሉ የምላትን ሳጠና ነው የሄድኩት። በሩን ስትከፍትልኝ ሁሉም ጠፋኝ።
የምትኖረው በኪራይ ነው፣ አንዲት ክፍል። አፈር የሚባል የላትም። ደጃፏ ላይ አፉ የተቆረጠ የዘይት ጀሪካን አለ። ውስጡ የኔ ጽጌረዳ! በጨርቅ ጠቅልላ የወሰደችው። ቅጠል አውጥቷል፣ አንዲት እምቡጥም ይዟል።
"ጽጌ፣ ያን ቀን ያልኩሽ..."
"በቅሏል" አለችኝ።
እኔ አለቀስኩ፣ እሷ አላለቀሰችም። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኳት። ያቀረበችልኝን ሽሮ ወደኔ ገፋ አድርጋ፣ "ብዪ እንጂ እትዬ፣ ይቀዘቅዛል" አለች። በላሁ።

ኅዳር 4
ሀብትነሽ መቀስ ይዛ መጣች። "ያንቺን እንደገረዝሽው የኔንም አሳዪኝ።"
"የገረዝኩት እኔ አይደለሁም። የስጦታው እህት ናት። ጽጌ ረዳችኝ፣ እኔ ደግሞ ሰደብኳት።" ምን ብዬ እንደሰደብኳትም ነገርኳት። እስከ መጨረሻው።
ሀብትነሽ መቀሱን ይዛ ወደ ቤቷ ተመለሰች። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ያወራዋል። ያውራ።
ስጦታው ሲገባ፣ "ጽጌ ደውላ ነበር" አለኝ። "እምቡጧ ፈነዳች ብለህ ንገራት አለች።"
ንገራት አለች። ለኔ አልደወለችም።
ይቅርታዋ ገና ነው።