ሄዶ ካልተመለሰ አልተጠገነም

ውድ አባባ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ብርድ ሲነካው የሚያስቸግርዎት ጉልበትዎ ቀለል አለልዎት? መነጽርዎን ቀየሩት ወይስ አሁንም በክር አስረው ነው የሚሠሩበት? እማዬስ እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ደህና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ ከደህናም በላይ ነኝና ደብዳቤዬ ጉራ ቢበዛበት ይታገሡኝ፤ ጉራውን ከማን እንደወረስኩት እማዬ ታውቃለች።

እትዬ መስመር የምንላቸውን ሴትዮ ጽፌልዎት ነበር። እዚህ ባሕር ማዶ ባለው የሀበሻ ማተሚያ ቤታችን ሃያ ሁለት ዓመት የመጽሐፍ ገጽ ሲያሰናዱ የኖሩ፣ የተንጋደደ መስመር ካዩ ምሳ የማይበሉ ናቸው። እኔንም ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ታዲያ ደረጃ ላይ ወድቀው ቀኝ ክንዳቸው ተሰበረ፤ ጀሶው ቢፈታም ክንዳቸው እንደ ድሮው አልዘረጋ አለ። ሥራቸው ደግሞ በሁለት ኮምፒውተር ነው፤ በአንዱ ጽሑፉን ያርማሉ፣ ከማተሚያው ጋር በተያያዘው በሌላው ገጹን ያሰናዳሉ። ሁለት ኪቦርድ፣ ሁለት ማውስ። ክንዳቸውን ደግፈው ከአንዱ ወንበር ወደ አንዱ ሲነሡ ሲቀመጡ አንጀት ይበላሉ። አለቃችን ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ሥራው ሲጓተትበት ጊዜ ከሰኞ ጀምሮ በር ላይ ተቀምጠው እንግዳ ይቀበሉ አለ። እትዬ መስመር መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ።

ልጅዎ መቼ ዝም ማለት ታውቃለች። አንድ ማውስና አንድ ኪቦርድ ለሁለቱም እንዲያገለግል አደርጋለሁ፣ ከወንበራቸው አይነሡም ብዬ አፌን ሞልቼ ተናገርኩ። ሁለቱም ኮምፒውተሮች የሚሠሩት ሊኑክስ በሚባል ሶፍትዌር ነው፤ በመሀላቸው ባለው የኔትወርክ ገመድ ማውሱን ከአንዱ ወደ አንዱ የሚያሻግር ፕሮግራም አለ። ጫንኩት። ማውሱን ተከትላ የምትሄደው ቀስት ግን የስክሪኑ ጠርዝ ላይ ስትደርስ ግንብ እንደገጠማት ቀጥ አለች። ግማሽ ቀን ፈልጌ ምክንያቱን አገኘሁት፤ አዲሱ የሊኑክስ የስክሪን ሥርዓት እንዲህ ያለ ፕሮግራም ማውሱን እንዲመራው አይፈቅድም። ከሁለቱም ኮምፒውተሮች ወጥቼ፣ የይለፍ ቃል በሚጠየቅበት ገጽ ላይ የድሮውን ሥርዓት መርጬ ስገባ ቀስቷ ጠርዙን ዘላ ሁለተኛው ስክሪን ላይ ቁጭ አለች።

እኔም ደረቴን ነፍቼ ሰው ሁሉ ጠራሁ። አለቃችን መጣ፣ የማተሚያው ሠራተኞች ቀለም በነካው እጃቸው መጡ። አሻገርኩት፤ ተጨበጨበልኝ። አለቃችን እስቲ አሁን መልሺው አለኝ። ብገፋው፣ ብስበው፣ አንሥቼ ባራግፈው፣ ወይ ፍንክች። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይኼው ነው። ሽቦ የምንለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛችን፣ የሄደ ሁሉ መች ይመለሳል ብሎ ቀለደ። ሁሉም ሳቁ፤ እትዬ መስመር ግን አልሳቁም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማውሱን ቀየርኩ፣ ገመዱን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ቅዳሜ ጠዋት እዚያው ወንበር ላይ ተክዤ ሳለ እርስዎ ትዝ አሉኝ። የልብስ ስፌት መኪና ጠግነው ለባለቤቱ ከማስረከብዎ በፊት ቁራጭ ጨርቅ ላይ ወደፊት አንድ መስመር፣ ወደኋላ አንድ መስመር ይሰፋሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ቸኩሎ፣ ሰፋ እኮ፣ ይበቃል ሲልዎት፣ ሄዶ ካልተመለሰ አልተጠገነም ይሉት ነበር። እኔ መሄዱን ብቻ ነው የሞከርኩት። ለፕሮግራሙ የጻፍኩትን የትእዛዝ ፋይል ከፍቼ አንድ በአንድ አነበብኩ። ለመጀመሪያው ኮምፒውተር ጎረቤትህ በቀኝህ ነው ብዬ ጽፌለታለሁ። ለሁለተኛው ግን ጎረቤትህ በግራህ ነው የሚል ቃል አልጻፍኩለትም። ማውሱ ምን ያድርግ፣ መመለሻ አልሠራሁለትም። አንዲት መስመር ጨምሬ ፕሮግራሙን አጥፍቼ አስነሣሁት።

አሁን ማንንም አልጠራሁም። ሃያ ጊዜ አመላለስኩት። ከዚያ እትዬ መስመርን አስቀምጬ ማውሱን ደረታቸው አጠገብ አደረግሁላቸው። ክንዳቸውን ሳይዘረጉ ቀስቷን ወሰዷት፣ መለሷት፣ ደግመው ወሰዷት። ወዲያው እኔ ያሰናዳሁት ገጽ ላይ ጠማማ መስመር አገኙና ይቺን ማን አበላሻት ብለው ተቆጡ፤ ማሸነፋችንን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። እስከ ምሳ አሥራ ስድስት ገጽ ጨረሱ። አለቃችን ከኋላቸው ቆሞ ሲያይ ቆየና ለበሩ ሌላ ሰው ፈልጉ ብሎ ሄደ። ሽቦ ደግሞ የእሱንም ኮምፒውተሮች እንዳገናኝለት ሲለማመጠኝ ዋለ፤ እስኪበቃኝ አስለመንኩት።

እትዬ መስመር ማን እንዲህ አስተማረሽ አሉኝ፤ ስለ እርስዎ ነገርኳቸው። ካየሻቸው ስንት ጊዜሽ ነው ሲሉኝ አራት ዓመት አልኳቸው። ተነሥተው አለቃችን ቢሮ ገቡ። ምን እንዳሉት አላውቅም፤ የአንድ ወር ፈቃድ ተፈርሞ ተሰጠኝ። ሆዴ ባባ፣ አባባ፤ አለቀስኩ። ያኔ ከአገር ስወጣ እሄዳለሁ እንጂ እመለሳለሁ አላልኩዎትም ነበር። አሁን ትኬቴ እጄ ላይ ነው፤ ነሐሴ 12 ቀን ከሰዓት በኋላ ደጃችሁ ላይ ነኝ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ታላቅ እህቴን ቀሚሴን ለብሳ ካበላሸችው ከወዲሁ ትናዘዝ በሉልኝ። ባሏንም ሰላም በሉልኝ። አክስቴን አልጋዬን ከሚጥሚጣዋና ከሽንኩርቷ እንድታጸዳልኝ ንገሩልኝ። ልብስ ሰፊውን ደግሞ ያ ንግግርዎ ባሕር ተሻግሮ ሠራ በሉት።

ሄዳ የምትመለሰው ልጅዎ

ከማተሚያ ቤቱ፣ ከእትዬ መስመር ጠረጴዛ ጎን
ሐምሌ 20 ቀን