ዶክተር ኦፓል ስታምፐር በልምምድ ክፍላችን ውስጥ ስለመገደላቸው

ከሃርሎ ክሪክ የኦስቲዮፓቲ ሕክምና ኮሌጅ የተማሪዎች ማኅበርና የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት
ለመምህራን፣ ለሠራተኞች፣ ለተማሪዎችና ለአካባቢው ሕዝብ

የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊያችንና የእጅ ሕክምና መምህራችን ዶክተር ኦፓል ስታምፐር ባለፈው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በማስተማር ላይ ሳሉ በሽጉጥ ተመትተው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። የኮሌጁ ማኅበረሰብ በመሪር ሐዘን ላይ ይገኛል። “በድንገት አረፉ” ብለን ልናለሳልሰው አንፈልግም። ተገድለዋል።

ዶክተር ኦፓል በምሥራቅ ኬንተኪ ተራሮች ከከሰል ማዕድን ቆፋሪ ቤተሰብ ተወለዱ። በዚሁ ኮሌጅ ተምረው በአካባቢው ክሊኒኮች ለዓመታት ካገለገሉ በኋላ በ1998 እ.ኤ.አ. በመምህርነት ተቀጠሩ። ኦስቲዮፓቲን፣ ማለትም አጥንትንና ጡንቻን በእጅ ዳስሶ ማከምን፣ ያስተማሯቸው ሐኪሞች በየሸለቆው ይገኛሉ።

በ2011 የሐኪምነት ፈቃድ የሚያሰጠው የቦርድ ፈተና ሲቃረብ ሁለት የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች መኪና ማቆሚያው ላይ ተደባድበው የአንደኛው መንጋጋ ተሰበረ። የጠቡ መነሻ የጠፋ የጥናት ወረቀት ነበር። የሥነ ሥርዓት ኮሚቴው ሁለቱንም ሊያባርር ሲቀመጥ ዶክተር ኦፓል ተነሥተው እንዲህ አሉ፦ “እንቅልፍ በዓይናቸው ከዞረ ስንት ጊዜው እንደሆነ የጠየቀ አለ? በቅሎ እንኳ እንቅልፍ ከነሷት ትራገጣለች። እንቅልፍ የነሳናቸው እኛ፣ የምናባርረው እነሱን?”

ተማሪዎቹ አልተባረሩም። ቅጣቱን ራሳቸው ዶክተር ኦፓል አወጡት። መቺውን ጠርተው “የሰበርከውን አንተው ትጠግናለህ” ብለው ዓመቱን ሙሉ ከተመቺው ጋር በልምምድ አጣመሩት። በመጀመሪያው ቀን መንጋጋውን ሲነካ ተመቺው “ጠበቅ አድርገህ ብትይዘኝ ጥርስህን ነው የማረግፈው” ማለቱን የክፍል ጓደኞቻቸው ዛሬም ያነሡታል። ሁለቱ አሁን አንድ ክሊኒክ ውስጥ ይሠራሉ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ ተማሪዎች እንቅልፍ እንዲያገኙ የአስከሬን መማሪያ ክፍሉ ማታ ማታ እንዲቆለፍ፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላም ትምህርት እንዳይሰጥ ያስወሰኑት እሳቸው ናቸው።

በ2016 አንድ ቀዶ ሐኪም በተለማማጅ ተማሪያችን ፊት ላይ መቀስ ወረወረ። ዶክተር ኦፓል ሆስፒታሉ ድረስ ሄደው ሐኪሙ ልጅቷን ይቅርታ እስኪጠይቃት ድረስ ከቢሮው አልወጡም።

ባለፈው መኸር የሆነውን ለመግለጽ የተማሪ ካሪሳ ብራንሃምን ፈቃድ አግኝተናል። በእጅ ሕክምና ልምምድ ተማሪዎች ልብሳቸውን አውልቀው አንዱ የሌላውን ገላ እየዳሰሰ ስለሚማሩ ቁስልን መደበቅ አይቻልም። የካሪሳ ተጣማሪ ኢዛያ ኮምብስ ጀርባዋን ሲነካ እጁ ቀጥ አለ፤ መምህሯንም ጠራቸው። ካሪሳ “ደረጃ ላይ ወድቄ ነው” አለች። ዶክተር ኦፓል ጎንበስ ብለው አዩና “ልጄ፣ ደረጃ ጣት የለውም” አሏት።

የሚደበድባት ባለቤቷ ዴል ብራንሃም ነበር። “ዶክተር ሆነሽ ልትንቂኝ ነው” እያለ መጽሐፏን ያቃጥል፣ ለፈተና ስትዘጋጅ በክርኑ ጎኗን ይደቃት ነበር። ዶክተር ኦፓል በዚያው ዕለት ወደ ቤታቸው ወሰዷት። ፍርድ ቤትም አብረዋት ቆመው ዴል እንዳይቀርባት አሳገዱት።

ማክሰኞ ዕለት ዴል በታካሚዎች መግቢያ ገብቶ የልምምድ ክፍሉን በር በእርግጫ በረገደው። ሽጉጥ ይዞ ነበር። ዶክተር ኦፓል የአንገት አያያዝ እያሳዩ ስለነበር እጃቸው ከኢዛያ ማጅራት ሥር ነበር። ቀና ብለው በዴልና በካሪሳ መካከል ቆሙ።

“አሮጊት፣ ዞር በይ! ትዳሬን ያፈረስሽው አንቺ ነሽ!”

“ትዳርህን ያፈረሰው ክርንህ ነው። አስቀምጠው፣ ዴል።”

ተኮሰ። ጥይቱ ሆዳቸውን መታቸው፤ አልወደቁም። ሁለት እርምጃ ተራምደው ሽጉጥ የያዘውን እጁን አንቀው ጠመዘዙት፤ ክርኑ ከመገጣጠሚያው ሲወልቅ ድምፁ ክፍሉን ሞላው። ሁለተኛው ጥይት ወለሉን በሳው። ከዚያ በኋላ አብረው ወደቁ። ተማሪዎቹ ዴል ላይ ተረባርበው በርጩማ ፊቱን ቀጠቀጡት። ኢዛያ በጉልበቱ አንገቱን ረግጦ ያዘ፤ የዴል ከንፈር ጠቆረ። ካሪሳ ጡጫዋን በመምህሯ ቁስል ውስጥ ከትታ ደሙን ለማቆም እየታገለች ትጮኻለች። በዚያ ሁሉ መካከል ዶክተር ኦፓል ፊታቸውን አዙረው አዩ።

“ኢዛያ። አንገቱ ላይ ነህ። ውረድ።”

ወረደ። ዶክተር ኦፓል ሆስፒታል ሳይደርሱ አረፉ። ዴል ብራንሃም ድኖ እስር ቤት ይገኛል።

በተማሪዎች መካከል ያለውን ቁጣ ማኅበራችን አይደብቅም። በሐሙሱ ስብሰባ “ለምን ተውከው?” ብለው ኢዛያ ላይ የጮኹ ነበሩ። እሱም “ስለወረድኩ ይቆጨኛል፤ ባልወርድም ይቆጨኝ ነበር። ሌላ የምላችሁ የለኝም” ብሎ ተቀመጠ። እጁን ከግድግዳ ጋር አጋጭቶ የሰበረ ተማሪም አለን። መተኛትም መብላትም ያቃታችሁ ሁሉ ብቻችሁን አትሁኑ፤ የተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በር ቀንም ማታም ክፍት ነው፤ አማካሪዎችም አሉ። ፈተናዎች ተራዝመዋል።

በቀብሩ ላይ ካሪሳ የዶክተር ኦፓል ባለቤት አቶ ቨርነን ስታምፐር እግር ላይ ወድቃ “በእኔ ምክንያት ነው የሞቱት” አለች። አቶ ቨርነን ብብቷን ይዘው አነሷትና ሰው ሁሉ እየሰማ “በአንቺ አይደለም፣ በጥይት ነው የሞተችው። የተኮሰው ሰው ስም አለው፤ ስሙን ጥሪው” አሏት። ካሪሳም ጠራችው።

ኮሌጁና ማኅበሩ ለዶክተር ኦፓል የሥራ ባልደረቦችና ላሠለጠኗቸው ሐኪሞች ሁሉ መጽናናትን ይመኛሉ። ለቤተሰባቸውም፦ ለአቶ ቨርነን ስታምፐር፣ ለልጃቸው ለሩቢ፣ ለልጃቸው ለክላይድ፣ ለልጃቸው ለካሪሳ ብርታቱን ይስጥልን። የመጨረሻው ስም እዚህ ተርታ የገባው በአቶ ቨርነን ትእዛዝ ነው።