በሌለ ጎዳና ላይ ላለችው ቤቴ ስለተመደበልኝ አስተናጋጅ

ለሄይያን ከተማ የንግድ ምቹነት ማሻሻያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣ ለክቡር አቶ ሚያኦ ዪፌንግ

ክቡር ሆይ፤

ጤናዎ እንደ ንግግርዎ የማያልቅ ይሁን። ጉልበትዎ አይዛል፣ ድምፅዎ አይሰልል፤ ባለፈው ወር በአደባባዩ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቆመን ስናዳምጥዎ እንደነበረው ሁሉ ዛሬም ፊትዎ ወዝ በወዝ እንደሆነ ይህ ደብዳቤ ያግኝዎ። እኔ ታን ሹቺን እባላለሁ። የከሰል ማዕድኑ እስኪዘጋ ድረስ ሃያ ሁለት ዓመት በመብራት ክፍል ሠርቻለሁ። ዛሬ ከባለቤቴ ከፋን ደሹን ጋር ስድስት ጠረጴዛ ባላት ምግብ ቤታችን የኮመጠጠ ጎመንና የአሳማ ሥጋ በስስ ሊጥ ጠቅልለን ጂያኦዚ እየቀቀልን እንሸጣለን። ወይም እንሸጥ ነበር።

የትኛውን ማለት እንዳለብኝ ያላወቅሁት ከጽሕፈት ቤትዎ በአንድ ቀን ሁለት ወረቀት ስለደረሰኝ ነው። አንደኛው ቤቴ በሌለ ጎዳና ላይ የምትገኝ ስለሆነች እስከ አርብ ፈቃዷን ካላስተካከልኩ እንደምትታሸግ ይገልጻል። ሁለተኛው ደግሞ ሐሙስ ከክፍለ ሀገሩ የሚመጡ አርባ እንግዶች የከተማችንን ለውጥ በዓይናቸው ለማየት እዚህችው ቤት ምሳ እንደሚበሉ ያበሥረኛል። በሁለቱም ላይ ያለው ማኅተም አንድ ነው። እኔም ሁለቱንም እጅ ነሥቼ ተቀብዬ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ነገሮች በአደባባይ ለማቅረብ ደፈርኩ።

፩ኛ/ ስለ አስተናጋጄ። ከተማችን ከከሰል ወደ ንግድ ስትሸጋገር ሹም ሁሉ የነጋዴው አስተናጋጅ ይሁን ብለው አውጀው ለየቤታችን አንዳንድ ሹም ስለመደቡልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ዕድሜ ልኬን ሰው ሳስተናግድ ኖሬ በስተርጅና የራሴ አስተናጋጅ ይኖረኛል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም ነበር። የእኔው አቶ ጓን ሊሚን ናቸው፤ ማክሰኞ ማክሰኞ ከፎቶ አንሺ ጋር ይመጣሉ። ሻይ የምቀዳው እኔ ነኝ፣ ወንበር የሚስበው ባለቤቴ ነው፣ እርሳቸው ደግሞ ሽርጤን አሸርጠው ሳህን ይዘው ይነሣሉ። አንድ ቀን ብርሃኑ አልመች ብሎ ያንኑ ጠረጴዛ ሦስት ጊዜ ወልውለውታል፤ እንዲያ የጸዳ ጠረጴዛ በሕይወቴ አላየሁም። ሰውየው ክፉ አይደሉም። ስለ ፈቃዴ ባዋያቸው ግን፣ «እትዬ ታን፣ የኔ ሥራ እኮ ችግርሽን መስማት ነው፤ መፍታቱ የሌላ ክፍል ነው» አሉኝና ችግሬን ስለመስማታቸው አስፈርመውኝ ሄዱ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼው ነው።

፪ኛ/ ስለ ጎዳናው። ባለሀብት «የሁለተኛው ጉድጓድ ጎዳና» የሚል ስም ቢሰማ ይደነግጣል ብለው ተጨንቀው «የብሩህ ተስፋ ጎዳና» ስላሰኙልን እጅዎ ይባረክ። እኛ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሳንደነግጥ የኖርነው ባለማወቃችን ነው። ታዲያ የንግድ ፈቃዴ ላይ የተጻፈው ያው የጥንቱ ስም ነውና፣ «ሁሉም ጉዳይ በአንድ መስኮት» ተብሎ ወደተሠራው ያማረ አዳራሽ ሄድኩ። በመስኮቱ ያለችው ልጅ እጅግ ጨዋ ናት፤ መነጽርም አዋሰችኝ፣ ሙቅ ውሃም ሰጠችኝ። ከዚያ ኮምፒውተሯን አየችና፣ «እናቴ፣ ይሄ ጎዳና የለም። ጎዳናው ከሌለ ደግሞ ቤትሽ የለችም» አለችኝ። «ልጄ፣ ዞር በዪ፤ ቤቴ ከመንገዱ ማዶ ናት፣ እንፋሎቷ እንኳ ይታያል» አልኳት። ዞር ብላ አየች። «ይታያል እናቴ» አለችኝ፣ «ግን አልተመዘገበም»።

መፍትሔው ቀላል ነው ተባልኩ፤ ሁለቱ ጎዳናዎች አንድ ጎዳና ናቸው የሚል ወረቀት ማምጣት ብቻ! የሰፈሩ ኮሚቴ ለሰው እንጂ ለጎዳና አይመሰክርም። ፖሊስ ጣቢያው፣ «ስሙን የለወጠው ክፍል ይጻፍልሽ» አለኝ። ስሙን የለወጠው ክፍል ጋ ስሄድ ተዘግቷል። ለካስ ሥራውን ከታቀደለት ጊዜ ቀድሞ ስላጠናቀቀ ተሸልሞ ፈርሷል። በሩ ላይ ከቁልፉ ጎን የወርቅ ቀለም የተቀባ የምስጋና ሰሌዳ ተሰቅሏል። ወይ ጉድ! ቆሜ አነበብኩትና ተመልሼ መጣሁ።

፫ኛ/ ስለ ሙቅ ውሃው። በአዳራሹ የሚሰጠው ሙቅ ውሃ በጣም ጥሩ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሼ አሥራ አንድ ብርጭቆ ጠጥቻለሁ። ይህ ቅሬታ አይደለም።

፬ኛ/ ስለ እርካታ ጥሪው። አቶ ጓን፣ «ከከተማው ስልክ ይደወልልሻል፤ አደራሽን አምስት በዪ» ብለው አስጠንቅቀውኛል። አራት ብልስ ምናለበት ብላቸው፣ «አራት ማለት እኮ ስድብ ነው» አሉኝ። በነጋታው ተደወለ። ደዋይዋ ለቤቴ በተሰጠው አገልግሎት ምን ያህል እንደረካሁ ጠየቀችኝ። ቤቴ የለችም እንደተባልኩ አስረዳኋት። «ገባኝ፤ እንግዲያው አምስት ብዬ ልያዘው?» አለችኝ። ለሌለች ቤት መደወላችሁ ሳያንስ ከአምስት አምስት መስጠታችሁን ሳስብ እስካሁን ይደንቀኛል።

ክቡር ሆይ፣ አሁን ቀልዱን ልተወውና አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ተናድጃለሁ። በመብራት ክፍል ሥራዬ እንዲህ ነበር፦ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ ሁሉ የነሐስ ቁጥሩን መንጠቆ ላይ ሰቅሎ መብራቱን ይወስዳል፣ ሲወጣ መብራቱን መልሶ ቁጥሩን ይወስዳል። ቁጥር ከተሰቀለ ሰው ከመሬት በታች አለ ማለት ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መዝገቡ ሁሉም ወጥተዋል ይላል፣ ተፈርሟል፣ ታትሟል። መንጠቆው ላይ ግን ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ተንጠልጥሏል። አለቃዬ አቶ ኒዬ፣ «ተጽፏል እኮ! አሁን ሂጂ ቤትሽ» አሉኝ። አልሄድም አልኩ፤ ጮህኩ፤ መስኮቱን በመብራት መታሁ። ሰልችቷቸው ሰው አወረዱና ሁለት መቶ አሥራ ሰባትን ከተደረመሰ የጣሪያ ድጋፍ ግንድ ሥር በሕይወት አወጡት።

ያ ሰው አሁን ከኋላዬ ተቀምጦ ሊጥ የሚዳምጠው ባለቤቴ ነው። ሳንባው በከሰል አቧራ ስላለቀ ቁጭ ብሎ ከሚሠራው ከዚህ ሥራ በቀር ሌላ አይችልም። ቤቷ ከታሸገች የምንበላበት የለንም። ወረቀት «የለህም» ሲለው ይህ ሁለተኛው ነው፤ የፊተኛው ግን «እያስተናገድኩህ ነው» አላለውም። እኔም ያን ጊዜ ያልተቀበልኩትን ዛሬ ልቀበል አልችልም፣ ያንገበግበኛል።

የሆነ ሆኖ ሕግ አክባሪ ነኝ። አንደኛው ወረቀት ቤቴ የለችም ስላለ ሐሙስ አልከፍትም። አርባዎቹን የተከበሩ እንግዶች በሌለች ቤት ምሳ አብልቼ ጽሕፈት ቤትዎን ማሳፈር አልሻም። በሩ ተዘግቶ በብሩህ ተስፋ ጎዳና ላይ ሲቆሙ ግን ሙቅ ውሃ አላሳጣቸውም። አርባ ብርጭቆ አጥቤ አዘጋጅቻለሁ፤ የሚቀዱት አቶ ጓን ናቸው፣ አስተናጋጅ ናቸውና።

ዘመንዎ እንደ ሰሌዳዎቻችን በየጊዜው የሚታደስ፣ ጎዳናዎ ሁሉ ከመነሻው እስከ መድረሻው የተመዘገበ እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣ ያለሁ እስኪባል ድረስ አክባሪዎ ሆኜ እቆያለሁ።

ታን ሹቺን
የሁለተኛው ጉድጓድ ጎዳና፣ ቁጥር ዘጠኝ

ማስታወሻ፦ ይህን በሬ ላይ ስለጥፍ አቶ ጓን ደረሱና፣ «እባክሽ እትዬ ታን፣ እንግዶቹ ሳያዩት ንቀዪው» ብለው ለመኑኝ። እዚህ ቦታ በር አለ የሚል ወረቀት ከመስኮቱ ካመጡልኝ ወዲያው እነቅለዋለሁ ብያቸዋለሁ። ከደብዳቤው ሥር በምስማር የሰቀልኩት የባለቤቴ የነሐስ ቁጥር ነው፤ ፈቃዴ እስኪስተካከል እዚያው ይሰቀላል። ምን እንደሆነ እንግዶቹ ቢጠይቁ፣ ዛሬም ምሳቸውን እኔ ዘንድ የሚበሉት የያኔው አለቃዬ አቶ ኒዬ ሐሙስ በሩ ላይ ወንበር ይዘው ይጠብቋቸዋል። «ተጽፏል እኮ» ብለው ሰው ከነሕይወቱ ሊቀብሩ እንደነበር ራሳቸው ሊነግሯቸው ቃል ገብተውልኛል።