ቲቪው ሰዓት እስኪቆርጥልን

ማክሰኞ፣ መስከረም 27

አሁንም ሰዓት የለውም። ከምሠራበት ክሊኒክ ወጥቼ ባቡር ላይ ስልኬን ከፍቼ አየሁ። የዩኒቨርሲቲያችን የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ጨዋታ፦ ጥቅ. 15፣ በሜዳችን፣ ሰዓቱ «ወደፊት ይገለጻል»። ገላጩ ማን ነው? ቲቪው። ጣቢያው የትኛው ጨዋታ ብዙ ተመልካች እንደሚያመጣለት አይቶ፣ ሳምንት ሲቀረው ያስታውቀናል። የዓመት ትኬት የገዛን ሰዎች እስከዚያ እንደ ሙሽራ ተሸፋፍነን መጠበቅ ነው።

ይልቅ ዋናውን ልንገርሽ፣ ማስታወሻዬ። ልጄ ሶስና ትናንት ከእራት በኋላ ሳትታዘዝ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። ነገር አለ አልኩ። አለ! ፍቅረኛዋ ናሆም ሽማግሌ ሊልክ ነው። አረፋ በአረፋ እንደሆነች አቀፍኳት። ልጁን እወደዋለሁ። ሥራው ላይ ጎበዝ፣ ከቤ/ክ የማይቀር፣ ሳቂታ። አንድ ነውር ብቻ አለበት። የተማረው ተራራው ማዶ ያለው ዩኒ. ነው፣ የቀዮቹ፣ የባላንጣዎቻችን ደጋፊ። ይሁን፤ ጸሎት የማይለውጠው ነገር የለም።

ረቡዕ፣ መስ. 28

ደረጀ፣ ባሌ፣ ጋዜጣ እያነበበ ጠየቀኝ። ቡድናችሁ እዚህ ሲያትል ሆኖ ለምን አገር አቋርጦ ምሥራቅ ድረስ ሄዶ ይጫወታል አለኝ። በስንት ዓመት አንድ ጥያቄ! ተደሰትኩ። ቡድኖቹ የሚታቀፉበት ኮንፈረንስ ማለት እንደ ዕድር ነው አልኩት። የኛ ዕድር አባላት ጎረቤታሞች ነበሩ፣ ሁሉም በዚሁ በምዕራቡ በኩል። መቶ ዓመት አብረው ኖሩ። ከዚያ ምሥራቅ ያለው ሀብታም ዕድር ከቲቪ ጣቢያዎች ጋር ተዋዋለና ብዙ ብር አገኘ። የኛዎቹ፣ ቡድናችንም ጭምር፣ አንድ በአንድ እየወጡ ሄዱ። ዕድሩ ፈረሰ። የሚወስዳቸው አጥተው የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንዱ የናሆም ዩኒ.።

ደረጀ መነጽሩን አወለቀ። «ሶ፣ የሩቅ ዕድር ገቡ? ለቅሶ ሲሆን ማን ይደርስላቸዋል?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ይኼን ሁሉ ጊዜ በቲቪ የሚተነትኑት ሰዎች እንዲህ አጥርተው አልነገሩኝም።

እኔ እንኳ ለኳስ ብዬ አይደለም የጀመርኩት። ሶስና ዩኒ. ስትገባ የማርሽ ባንዱ ውስጥ ትሮምቦን ትነፋ ነበር። እሷን ለማየት ሄጄ እረፍት ላይ ባንዱ እስኪወጣ ስጠብቅ፣ ስጠብቅ፣ ጨዋታው ገባኝ። እሷ ተመርቃ ወጣች፤ እኔ አልወጣሁም።

ዓርብ፣ መስ. 30

ጋሽ መኮንን ለደረጀ ኮል አደረጉ። የናሆም አጎት ናቸው፤ ማውንትሌክ ቴራስ ይኖራሉ፣ የድሮ አስተማሪ፣ ሽማግሌዎቹን የሚመሩትም እሳቸው። የሚመጡት የፊታችን ሳይሆን የሚቀጥለው ቅዳሜ፣ ጥቅ. 8፣ ዘጠኝ ሰዓት።

እኔ ወዲያው ሂሳብ ውስጥ ገባሁ። በዚያው ቀን ቡድናችን ምሥራቅ ነው የሚጫወተው። በነሱ ሰዓት አሥራ ሁለት፣ በኛ በሲያትል ዘጠኝ፣ በአማርኛ ከጠዋቱ ሦስት። ሦስቱም አንድ ሰዓት ነው! የጋሽ መኮንን ዘጠኝ ደግሞ የአማርኛው ነው፣ ከሰዓት በኋላ። ኳስ ጠዋት፣ ሽማግሌ ከሰዓት። ጌታ ራሱ ያወጣው ፕሮግራም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

ጉድ ሆንኩ።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት። የቡድናችንን ሐምራዊ ማሊያ ለብሻለሁ፣ ፀጉሬ በቢጎዲን ተጠቅልሏል። ደረጀ በፒጃማ። ጠረጴዛው ላይ ቺፕስና የተፈጨ አቮካዶ። ጨዋታው እንደተጀመረ በር ተደወለ። ዕቃ አድራሽ መስሎኝ ከፈትኩ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሱፍ ከነክራቫት፣ ጋሽ መኮንን ከፊት።

ኋላ ሶስና እንዳጣራችው ጥፋቱ የናሆም ነው። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ፤ «ዘጠኝ» ሲባል ስልኩ ላይ የጠዋቱን ዘጠኝ ሞላና በጠዋት መኪና ይዞ ደጃቸው ቆመ። ሽማግሌዎቹ እኛ ሰዓት የለወጥን መስሏቸው ዝም ብለው ተከተሉት። እሱ ራሱ ሁለት ቤት አልፎ ፓርክ አድርጎ መኪና ውስጥ ተደብቋል።

ተቀመጡ ብንል እምቢ። ወጉ ነው፤ የመጡበት ሳይሰማ አይቀመጡም። ጋሽ መኮንን ረጅም ናቸው፤ የቆሙት ደግሞ ልክ ቲቪው ፊት ለፊት። ደረጀ ድምፁን ቀነሰ። ምስሉን ማጥፋት ረሳ፤ እኔም አላስታወስኩትም።

እንዴት ያምር ነበር ንግግራቸው! ከቤታችን ፍሬ ቢያዩ፣ ለልጃቸው ቢመኙ... እየሰማሁ ነው፣ እምላለሁ። ግን በክንዳቸው ሥር አጮልቄ አየዋለሁ። የኛ ልጅ ኳሱን ይዞ አመለጠ። አንዱን አለፈ። ሌላውን አለፈ። ማንም የለበትም! ጋሽ መኮንን «ልጃችሁን ለልጃችን» ሲሉ እኔ

እልልልልልል!

ከሽማግሌዎቹ አንዱ «ተመስገን!» ብሎ አጨበጨበ። ሌላው፣ ነገሩ አልቋል ብሎ፣ ቁጭ አለ። ደረጀ ላብ በላብ ሆኖ፣ ኧረ ለኳሱ ነው አለ። የተቀመጠው ሰውዬ ቀስ ብሎ ተነሣ።

ይኼ ሁሉ ይታለፍ ነበር። ደረጀ ነገሩን ሊያስተካክል ወጉን ተናገረ፤ ከዘመድ እንምከርበት፣ ሌላ ቀን ተመለሱ አለ። ጋሽ መኮንንም ፊታቸው ፈታ ብሎ፣ እሑድ ቤ/ክ አለ፣ አዘቦት ሥራ ነው፣ የዛሬ ሳምንት ቅዳሜ እንምጣ፣ ስንት ሰዓት ይሁን አሉ። ደረጀ ወደኔ ዞረ።

የዛሬ ሳምንት ጥቅ. 15 ነው። ያ ሰዓት የሌለው ጨዋታ።

«ሰዓቱን ገና አላወቅነውም፣ ጋሼ» አልኩ። «ቲቪው ነው የሚወስነው።»

«ቲቪው?»

ላስረዳ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ከመቶ ዓመቱ ዕድር ልጀምር ወይስ ከብሩ? ተሳሰረብኝ። እነሱ እርስ በርስ ተያዩ። ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ወጡ።

ጨዋታውንም ተሸነፍን።

እሑድ፣ ጥቅ. 9

ቲቪው ተናገረ። ቅዳሜ፣ በሲያትል አሥራ ሁለት ተኩል፣ በአማርኛ ስድስት ተኩል። አሁን ነው የሚናገረው! ትናንት የት ነበር?

ሶስና ከቤ/ክ ስንመለስ መኪና ውስጥ በእንግሊዝኛ ብቻ ታወራለች። ስትናደድ እንደዚያ ናት። ማም፣ ጌሙን ከኔ አስበለጥሽ ነው ነገሩ በአጭሩ። አይደለም አልኳት። ታዲያ ምንድን ነው አለች።

ደረጀ ከኋላ መቀመጫ፣ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም አለ። ራሱ መላጣ ስለሆነ ሳቅ መጣብኝ፤ ሶስና ግን አልሳቀችም። እኔም ዋጥኩት።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 11

ከዚያ ወገን ድምፅ የለም። ናሆም ለሶስና የነገራት ይኼ ነው፦ ጋሽ መኮንን ቀጠሮ ያልተሰጠው ሽማግሌ እምቢ ተብሏል ማለት ነው ብለዋል። ተመልሰው አይመጡም። እልልታውን ደግሞ መሳለቂያ መስሏቸዋል።

ልደውል አልኩ። ደረጀ ስልኬን ከእጄ ወሰደብኝ። የሴት ወገን አይደውልም፣ ልጃቸውን ሊያራግፉ ቸኮሉ ይባላል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። እኔ መቼስ አንዴ አፍስሻለሁ፣ ለቀማው ነው የቀረኝ ብዬ ብነግረው አልሰማኝም።

ማታ ሶስና ክፍሏን ዘግታ ስታለቅስ ሰማሁ። ሠላሳ ሊሆናት ነው፤ ለኔ ግን የሕፃን ልቅሶ ነው።

በቲቪው ተናደድኩ። ጎረቤት ከጎረቤት አለያየ፣ ሰኞ ፈተና ያለባቸውን ልጆች ቅዳሜ አገር ያሻግራል፣ አሁን ደግሞ ቤቴ ገባ። እንዲህ እያልኩ ዕቃ ሳንኳኳ ቆየሁ። ግን እውነቱን ላንቺ ካልጻፍኩ ለማን ልጽፍ ነው? ቲቪው ምን አስገደደኝ? ጋሼ ሰዓት ሲጠይቁኝ «በፈለጉት ሰዓት» ይባላል፤ አለቀ። ገንዘብ የወሰዱት ዩኒ.ዎቹ ናቸው፤ እኔ ሳይከፈለኝ ነው የታዘዝኩት።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 13

ሄድኩ! ለደረጀ ከነገርኩት ይከለክለኛል፣ ካልነገርኩት ያኮርፈኛል። ከሥራ ወጥቼ መኪና ውስጥ አስገባሁትና መንገድ ላይ ነገርኩት። እስከ ማውንትሌክ ቴራስ ሲያጉረመርም ደረስን።

ጋሽ መኮንን ራሳቸው ከፈቱ። ፊታቸው አልተፈታም፣ ግን ጨዋ ሰው ናቸው። ወ/ሮ አስቴር ይቀመጡ እንጂ አሉኝ። አልተቀመጥኩም።

«ሳይፈቀድልኝ አልቀመጥም፣ ጋሼ። ሽማግሌ ሆኜ ነው የመጣሁት።»

ደረጀ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። የሴት እናት፣ ብቻዋን፣ ቆማ! እኔም ጀመርኩ። እልልታው ለኳስ መሆኑን፣ ባፍርም እውነት መሆኑን። ከዚያ ዕድሩን፣ ቲቪውን፣ የማይታወቀውን ሰዓት። ለካ ጋሽ መኮንን የሰፈሩ ዕድር ሊቀመንበር ናቸው! ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር የለም፤ የዕድሩ ነገር ግን አጥንታቸው ድረስ ገባ።

«መቶ ዓመት የኖረ ዕድር? ለብር ብለው?»

«ለብር ብለው።»

«መተዳደሪያ ደንብ የላቸውም?»

ከዚያ የቀሩት ሁለቱ እነማን ናቸው ብለው ጠየቁ። አንዱ ናሆም የተማረበት ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ኦኬ። ሶ፣ ልጃችን ሁለቴ ተተወ በሉኛ። አንዴ በቡድናችሁ፣ አንዴ በእርስዎ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ። ቀና ብዬ ሳይ ግን ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እየሳቁ ነው! ባለቤታቸውም ሳቁ፣ ደረጀም፣ እኔም ዕንባዬ እስኪመጣ። ተቀመጥኩ።

ሰዓቱን እርስዎ ይቁረጡልን አልኳቸው። ቅዳሜ ሰባት ሰዓት አሉ፣ ከቀኑ፣ በአማርኛ ብለው ሁለቴ አስረገጡ። በሲያትል አንድ ሰዓት መሆኑ ነው። ጨዋታው ከተጀመረ ግማሽ ሰዓት። ይኼን አያውቁም፤ አልነገርኳቸውምም።

እሺ ጋሼ፣ አልኩ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 14

ሶስና በአማርኛ እያወራች ነው። ድንች ልጣ፣ ቀይ ሽንኩርት ከትፋ፣ መሐል ላይ አንገቴን አቅፋ ትስመኛለች። ደረጀ ሱፉን ለክቶ ሆዱ አልገባ ብሎታል፤ ጥፋቱን በልብስ አጣቢው ላይ አድርጓል።

የትኬቱ ነገር። ሥራ ቦታ ላሉት ልስጥ አልኩ፣ ሁሉም ፕሮግራም አላቸው። ሽጪው አለኝ ደረጀ። መቀመጫዬን? እንዴት ብዬ! ስንት ዓመት ዝናብ የበላሁበት ቦታ። ከጎኔ የሚቀመጡት ሽማግሌ አሜሪካዊ ሁልጊዜ ብርድ ልብሳቸውን ያካፍሉኛል። የማያውቁት ሰው ዘው ብሎ ሲቀመጥባቸው ታየኝና ከፋኝ።

ከዚያ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ነገ ሽማግሌዎቹ እኛ ጋ ሲሆኑ ናሆም ምን ይሠራል? እንደ ባለፈው መኪና ውስጥ ሊደበቅ? ደወልኩለት። መጀመሪያ ደነገጠ፣ የተሰረዘ መስሎት። ትኬቴን በስልኩ ላክሁለትና አንድ ነገር ብቻ አዘዝኩት፦ ቀይ ሹራብ ለብሶ መቀመጫዬ ላይ ድርሽ እንዳይል። ለረጅም ጊዜ ሳቀ። አመሰግናለሁ ሊል ፈልጎ አማርኛው ጠፋበት መሰለኝ፣ «እሺ እማዬ» አለኝ።

እማዬ። ስልኩን ዘግቼ ዕንባዬን በሽንኩርቱ አመካኘሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15፣ ሰባት ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው

ቤቱ ዝግጁ። ቲቪው ጠፍቷል፤ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ሶስና ክፍሏ ውስጥ አንዱን ቀሚስ አውልቃ ሌላውን ታጠልቃለች። ደረጀ ሳሎን ውስጥ ንግግሩን እየተለማመደ ነው፤ እስከዚህ ይሰማኛል። ዛሬም እሺ አንልም፣ ይላል። ሽማግሌ ሦስቴ ይመላለሳል፣ ወግ ነው፣ ሌላ ቀጠሮ እንሰጣቸዋለን፣ ልጃችን እንዳትረክስ።

ናሆም ፎቶ ላከ። በሐምራዊ ሹራብ! ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ትንሽ ጠቦታል። ከአሜሪካዊው ሽማግሌ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ተጋርተው ይስቃሉ። ማነው እየመራ ያለው ብዬ ልጠይቀው ጀምሬ ሰረዝኩት። ወጉን አውቃለሁ፣ አከብራለሁም። ግን ወሰንኩ። ከኔ ቤት ሌላ ቀጠሮ ይዞ የሚወጣ ሽማግሌ የለም። ደረጀ ቢቆጣም ይቆጣ፣ ይበርድለታል።

መኪና ቆመ። መስኮት ላይ ሆኜ አያቸዋለሁ፤ ጋሽ መኮንን ክራቫታቸውን እያስተካከሉ ነው። ተደወለ። ደረጀ ሊከፍት ሄደ፤ ልቅደመው። መቀመጫዬን የሰጠሁትን ልጅ፣ ልጄን ልከለክለው ነው እንዴ?