የሽምብራ ዓሣና ሰማያዊ ግድግዳ

አቃቂ፣ ታኅሣሥ 1957 ዓ.ም.

ለማከብርዎትና ለምሳሳልዎት እማማ፣

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ይዞዎታል? ብርድ ሲገባ እንደሚጠዘጥዝዎ ስለማውቅ፣ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ሐሳቤ ሞጆ ነው። ቀይዋ ላም ወለደች ወይ? የጓሮው ጌሾስ ከበጎቹ ተረፈ? እኔ፣ ለቸሩ አምላክ ምስጋና ይግባውና፣ ከናፍቆትዎ በቀር የጎደለብኝ የለም። ሁንዴም ደህና ነው፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ እጅ ነሥቶዎታል።

ደብዳቤውን የሚያመጣልዎ ያው የሳህሌ ባልንጀራ ተክሌ ነው። የሚያነብልዎም እሱ ስለሆነ፣ ተክሌ፣ አደራህን ቀስ ብለህ አንብብላቸው፤ ባቡር ውስጥ ትኬት እንደምትጠይቀው አትጩህ። ከመካከሉ የሴት ነገር ቢያጋጥምህ እንዳልገባህ ሆነህ እለፈው።

እማማ፣ የላኩልኝ ሽምብራ ደርሶኛል። ተክሌ ከረጢቱን ሲያቀብለኝ ምን እንዳሉ ጠየቅሁት። ምንም አላሉም፣ ስጣት ብቻ ነው ያሉኝ አለኝ። ቤት ገብቼ ከረጢቱን ፈታሁና እጄን ከትቼ ብዙ ቆየሁ። ተለቅሞ፣ ተነፍቶ፣ አንዲት ጠጠር የለበትም። ዓይንዎ እንዲህ ደክሞ ሳለ ይህን ሁሉ ሲለቅሙ ታየኝ። ቃል ባይልኩልኝም እንዳልተቀየሙኝ ያን ጊዜ አወቅሁ።

መቼም አንዱንም አልረሳሁም። ልጅዎን ሳህሌን አዋሽ ላይ ወባ ሲነጥቀን፣ እናትም አባትም የሌለኝን እኔን ከቤትዎ አላስወጡኝም። የሐዘን ጥቁሬን ከላዬ ያወለቁልኝ እርስዎ ነዎት። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ ከእኔ ጋር አብረሽ አታርጂ ብለው ወደ አቃቂ፣ ወደ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው የሸኙኝም እርስዎ። ሁንዴን ላገባ ነው ብዬ ሳስፈቅድዎ መርቀውኛል። ትዳሬን ግን መጥተው ሳያዩት ይኸው ዓመት አለፈ። ይምጡ ባልኩ ቁጥር በተክሌ አፍ የሚደርሰኝ ቃል አንድ ነው፤ የልጄ ሚስት የነበረች ከሌላ ባሏ ቤት ሄጄ ምን ብዬ እቀመጣለሁ፣ ማን ነሽ ቢሉኝስ ማን ነኝ እላለሁ ይላሉ። ለዚህ ቃል መልስ ስላልነበረኝ ዝም ብዬ ቤቴን ስሠራ ሰነበትኩ። ዛሬ የጻፍኩልዎ መልሱ ስለተገኘ ነው። ግን ከቤቱ ልጀምርልዎ፤ ቤቱን ሳያውቁት ሌላው አይጥምም።

ቤታችን ከወንዙ ወዲህ፣ የሁንዴ አባት ከእርሻቸው ጥግ ቆርሰው በሰጡን ቦታ ላይ ነው። ሁለት ክፍል ነው፤ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ግድግዳው ከክረምት በፊት ቆሞ ነበርና መስቀል አልፎ ፀሐይ ሲወጣ ውስጡን ማበጀት ጀመርን። ሁንዴ ፋብሪካው ውስጥ የሽመና መኪና ጠጋኝ ነው፤ እኔም ከፈትል ክፍል ስወጣ ተገናኝተን፣ ልብሳችንን እንኳ በቅጡ ሳንቀይር ጭቃው ውስጥ እንገባለን። የጤፍ ጭድ እየነሰነስን እስከ ጉልበታችን ስንረግጥ የሰፈሩ ሰው ቆሞ ይስቃል። ወንድ ከሚስቱ ጋር እጅ ለእጅ ተያይዞ ጭቃ ሲረግጥ ሰርግ ይመስላል አሉ። እኛም ብዙ ሰርግ አልደገስንምና ይሁን አልናቸው።

ኮርኒሱን ብነግርዎ ይስቃሉ። ጥጥ ታስሮ የሚመጣበትን ጆንያ ሁንዴ ከፋብሪካው ገዝቶ አመጣ። ተርትሬ፣ አጥቤ፣ በጆንያ መርፌ አንድ አድርጌ ሰፋሁት። ወጥረን በምስማር መታነውና ኖራ ከዱቄት ሙጫ ጋር በጥብጠን ቀባነው። እርጥቡ እንደሚከብድ ማናችንም አላሰብንም። ማታ ሽሮ አቅርቤ ገና ሁለተኛውን ጉርሻ ሳንውጥ ሁሉም ነገር ከላይ መጣብን። እኔ፣ ሁንዴ፣ ሽሮው፣ ኩራዙ፣ ሁላችንም ከጆንያ ሥር ሆንን። ኩራዙ በመጥፋቱ ቤት አልተቃጠለም። በጨለማው ውስጥ ሁንዴ ድምፁን ሳይለውጥ፣ «ኮርኒሱም ራቱን ፈልጎ ነው» አለ። ያን ያህል የሳቅሁበት ቀን ትዝ አይለኝም። ሁለተኛ ጊዜ ቀጭን እንጨት አጋድመን መታነው፤ አሁን ቀጥ ብሎ እንደ አቡጀዲ ነጥቷል።

ለግድግዳው ኖራ ገዛንና ብቻውን እንዳያብረቀርቅ ለነጭ ልብስ ማጠቢያ የሚሆነውን ሰማያዊ ዱቄት ጨመርንበት። ሁንዴ እጁ አይመጥንም፤ ገለበጠው። የቀባነው ግድግዳ ዓይን የሚወጋ ሰማያዊ ሆነ። ገንዘቡም ድካሙም ባከነ ብዬ አለቀስኩ፤ እሱ ጥግ ቆሞ ጣቱን ይቆጥራል። ጠዋት ስንነሣ ደርቆ፣ ፈዝዞ፣ ልክ ዝናብ ያባራ ቀን የሚታየውን ሰማይ መስሎ አገኘነው። አሁን ጎረቤቶች እየመጡ ስንት ስንት ጨመራችሁ ብለው ይጠይቁናል። ሁንዴ በልክ ነው ይላቸዋል።

ያንን ግድግዳ ስንቀባ ነው ሁንዴ ሳጥኔን ከቦታው ያነሣው። ከሥሩ የሳህሌን ፎቶግራፍ በነጠላ ጠቅልዬ አኑሬው ነበር፤ ያን የባቡር ኮፍያውን ደፍቶ የተነሣውን። ቅር እንዳይለው ብዬ አሳይቼው አላውቅም። ፈትቶ አየው። ብዙ ጊዜ አየው። ከዚያ አቧራውን በእጅጌው ጠረገና፣ «ይህ ሰው ምን አጥፍቶ ነው ጨለማ ውስጥ የሚቀመጠው?» አለኝ። ሌላ አልጠየቀኝም። በሳምንቱ ከተሰበረ የሽመና መወርወሪያ እንጨት ክፈፍ ሠርቶለት፣ መስታወት ቆርጦ አግብቶለት መጣና ከመስኮቱ ጎን ሰቀለው። ሰማያዊው ላይ ያምራል፣ እማማ። ጠዋት ፀሐይ የምታርፈው እሱ ላይ ነው።

ቤቱ እንዳለቀ የሁንዴ እናት ሊያዩልን ቀጠሮ ያዙ። ሁንዴ ሃርሜ ነው የሚላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ እናቴ ማለት ነው፣ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ። ጾም ስለሆነ ምን ላቅርብ ብዬ ስጨነቅ ሽምብራዎ ትዝ አለኝ። በሁዳዴ እርስዎ የሚሠሩትን የሽምብራ ዓሣ ልሠራ ቆረጥኩ። እኔ ሁልጊዜ ሽንኩርት ከታፊ ነበርኩ እንጂ ሊጡን በእጄ ይዤው አላውቅም። የመጀመሪያው ቀን ዓሣዎቼ ወጡ ውስጥ ገብተው ሟሙና ሽሮ ሆኑ። ሁንዴ ዓሣዎቹ ዋና አይችሉም አለኝ። ቁጭ ብዬ ሲያቦኩ የሚሉትን አስታወስኩ፤ ሊጡ እጅሽን እስኪለቅ አትልቀቂው ይሉ ነበር። ዱቄቱን አጥብቄ፣ ዘይት ጠብ አድርጌ እጄን እስኪለቅ አሸሁት። እሱ ደግሞ ከዘይት ቆርቆሮ የዓሣ ቅርጽ ያለው መቁረጫ ሠራልኝ፤ ቅርፊቱን በምስማር ጫፍ አንድ በአንድ ጫረለት። አንዱን ጭራ አሳጥቶታል፤ አዞ በልቶት ነው አለ። መጥበሱንም እሱ ነው የጠበሰው። እኔ በሩ ላይ ቆሜ አሁን ገልብጠው፣ አሁን አውጣው እያልኩ አዝዝ ነበር።

ሃርሜ ገንቦ ጠላ አስይዘው መጡ። መጀመሪያ ግድግዳውን በበትራቸው መታ መታ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የእሳቸው ምስጋና ይኸው ነው። ወጡን ሳወጣ ግን ፊታቸው ተለወጠ። በነቢያት ጾም ዓሣ ታበይኛለሽ ወይ ብለው ሊነሡ ሲሉ ሽምብራ ነው ብዬ ማልኩላቸው። ቀመሱት፤ ሳቁ፤ ጭንቅላቱን ለመጨረሻ አቆይተው በሉ። ከዚያ ይህን ማን እንዳስተማረኝ ጠየቁ። ሳላስበው «ሞጆ ያሉት እናቴ» አልኩ።

ሃርሜ እናት እንደሌለኝ ያውቃሉ። ቀና አሉ። ቀና ሲሉ ፎቶግራፉን አዩት።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ ሁንዴን።

ሁንዴ ጉርሻውን ውጦ፣ «ታላቅ ወንድሜ ነው» አላቸው።

«እኔ ሳላውቅ የወለድኩት?»

«ሃርሜ፣ ለእሷ ከእኔ በፊት የነበረ ሰው ነው። የቀደመኝን ታላቄ ካላልኩት ምን ልበለው?»

ሃርሜ ባል ሞቶብኝ እንዳገባሁ ያውቁ ነበር፤ መልኩን ግን ያዩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡና ወደ ግድግዳው ሄዱ። ሊያወርዱት መሰለኝ። ክፈፉ ትንሽ ዘመም ብሎ ኖሮ፣ በአንድ ጣታቸው ገፋ አድርገው አቀኑትና ተመልሰው ተቀመጡ።

«እናቱ አለች?» አሉኝ።

ዓሣውን ያስተማሩኝ እርስዎ መሆንዎን ነገርኳቸው። ብቻዎን እንደሚኖሩም፣ ይምጡ ስልዎ የሚሉትንም አልደበቅሁም። እስከ መጨረሻው አዳመጡኝ።

«ልጇ የልጄ ወንድም ከሆነ እሷ እህቴ ናት» አሉ። «እህቴ ይህን ቤት እስካሁን ያላየችው ምን በድለናት ነው? ማን ነሽ የሚላት ካለ እኔን ይጠይቀኝ።»

ይኸውልዎ፣ እማማ። መልሱ ይህ ነው፤ ያገኘሁትም እኔ አይደለሁም።

ሃርሜ የሚሉትን በአፋቸው ብቻ አይተዉትም። በማግስቱ የሰፈሩን ወንዶች ይዘው መጥተው ሁለተኛው ክፍል ውስጥ መደብ አስደለደሉ። ጉልበቱን ለሚታመም ሰው ዝቅ ያለ አይሆንም ብለው ከፍ አስደረጉት። ሁንዴ የበሩን መድረክ በመጋዝ ዝቅ አደረገው። ክፍሉን ገና አልቀባነውም። እርስዎ ሰማያዊ ይወዱ እንደሆነ፣ ነጭ ይሻልዎ እንደሆነ ለተክሌ ይንገሩት፤ ዱቄቱን በዚህ ጊዜ እኔ ነኝ የምለካው።

ተክሌ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ቶሎ ቶሎ ብለህ አንብበው።

እማማ፣ ከጥቅምት ወዲህ የዘይት ሽታ አልስማማኝ ብሏል። ፋብሪካው ውስጥ አለቃዬ ቆሜ ከምሠራበት አንሥታ ተቀምጬ ክር እንድፈትሽ አድርጋኛለች፤ ሴት ናትና ሳልነግራት አወቀች። የሚያሰጋ ነገር የለም፤ እንቅልፌም ምግቤም ደህና ነው። እንዲያውም እርስዎ ጓሮ ያለው ጎመን እንዴት እንደሚያምረኝ ልነግርዎ አልችልም።

ወጡን፣ ሽሮውን፣ ዓሣውንም ይኸው ቻልኩ። ገንፎ ግን አልቻልኩም። ደጋግሜ ሞከርኩት፤ ዱቄቱ እየተቋጠረ አስቸገረኝ፤ ሁንዴ ግን እያመሰገነ ይበላዋል። ትልቅ የገንፎ ማማሰያ ጠርቦ፣ በዘይት አሽቶ በሩ ኋላ አቁሞታል። ሃርሜን ያገንፉልኝ ብላቸው እንቢ አሉ። በመጀመሪያው ጊዜ ምድጃው ላይ የምትቆመው የሴቲቱ እናት ናት፤ እኔ እንጨት እማግዳለሁ አሉ። ቅቤውን አሁን ከወዲሁ ማጠራቀም ጀምረዋል።

ስለዚህ ከግንቦት ልደታ በፊት ይምጡልኝ። ላሟን ለጎረቤትዎ ለወይዘሮ በላይነሽ ይስጧት፤ ወተቱን እየጠጡ ይጠብቁልዎታል። ተክሌ ከራሱ ፉርጎ ያስቀምጥዎታል፤ ሁንዴ አቃቂ ጣቢያ ቆሞ ይጠብቅዎታል። ፊቱን ስለማያውቁት አይጨነቁ፤ ከሁሉ ቀድሞ ሮጦ እቃዎን የሚቀበለው እሱ ነው። ገንፎውን ያስተምሩኝ ብዬም አይደለም የምጠራዎት። ብማረውስ ምን ይረባኛል? በዚያን ሰሞን ሰው ለራሱ አያገነፋም።

መድኃኔዓለም ጉልበትዎን ያበርታልኝ፤ ዓይንዎን ያብራልኝ፤ የሳህሌን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልኝ። በደስታ የምንተያይበትን ቀን እመብርሃን ታቅርብልን።

በልብዎ እንዳለሁ ሁሉ በልቤ ነዎት፤

ልጅዎ